ከውስጥ የማይከፈተው በር

ይህን ከራሴ ፈጥሬ አይደለም የምጽፈው። በእኔና በባለቤቴ በዙፋን ላይ የደረሰ ነው። እሷ ዛሬም ወሬው ሲነሳ ክፍሉን ጥላ ትወጣለች።

ሐምሌ 1997 ዓ.ም.። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከሺሺንዳ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ ጫካው መሃል ያለው ጠመዝማዛ ላይ...

ግን መጀመሪያ መኪናዋን እንዴት እንደገዛናት ልንገራችሁ።

ማዕረግ እባላለሁ። የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከደብረ ታቦር ተመድቤ ሺሺንዳ መጣሁ፣ ዙፋንን እዚያው አገባሁ። የመጀመሪያ ልጃችን የሞተው መኪና ስንጠብቅ ነው። ምጡ የጀመራት ማለዳ ነበር። ያገኘነው የጭነት መኪና የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ሐኪም ቤት ስንደርስ...

ወንድ ነበር።

ሁለተኛውን ስታረግዝ ዙፋን አንድ ነገር ብቻ አለችኝ።

"ማዕረግ፣ ዳግመኛ መንገድ ዳር ቆሜ መኪና አልለምንም።"

በመምህር ደመወዝ ምን ዓይነት መኪና እንደሚገኝ ታውቃላችሁ። ወርቋን ሸጠን፣ ዕቁብ ጨምረንበት፣ ቦንጋ ጋሽ ተክለጻድቅ የሚባሉ ሽማግሌ ቤት ደረስን። የሚሸጡት አሮጌ ናፍጣ ፒካፕ ነው። አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር አልፋለች። ስትነሳ ግቢውን በጥቁር ጭስ ትሞላለች።

ይዤው የሄድኩት መካኒክ አብዱ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አዳመጠ።

"ሞተሯ ገና ነው" አለኝ። "የናፍጣ መስመሯ ግን አየር ይስባል። መንገድ ላይ ከጠፋችብህ ወርደህ ይቺን የእጅ ፓምፕ ደጋግመህ ተጫን። አየሩ ሲወጣ ትነሳለች።"

ከዚያ ጋቢና ገባ። የቀኙን በር ከውስጥ ዳሰሰ።

"ጋሼ... የቀኙ በር የውስጥ መክፈቻ የት ሄደ?"

አልተሰበረም። ሆን ተብሎ ተፈቶ ነው የወጣው። ቀዳዳዎቹ በጨርቅ ተወትፈዋል።

"ከውጭ ይከፈታል" አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ። "እንዲሁ ተጠቀሙባት።"

የጠየቁት ዋጋ የገበያው ግማሽ ነበር። አልተከራከርንም። ቁልፉን ከሰጡኝ በኋላ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው ለባዶው ወንበር አንድ ነገር አንሾካሾኩ።

አልሰማሁትም። ወይም እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

ነፍሰ ጡር ሚስቴን ከውስጥ በማይከፈት በር አልጭንም ብዬ በማግሥቱ አብዱን አዲስ መክፈቻ አስገጠምኩት።

ከዚያ ጀመረ...

ጠዋት ስነሳ የቀኙ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቆልፌው ነበር የተኛሁት።

በሦስተኛው ቀን ዙፋን ልትቀመጥ ስትል እጇን ከወንበሩ ላይ መለስ አደረገች።

"ማን ተቀምጦ ነበር?"

"ማንም።"

"ይሞቃል... ማዕረግ፣ ወንበሩ ይሞቃል።"

ዳሰስኩት። ሰው ገና አሁን እንደተነሳበት ይሞቃል።

በሳምንቱ እግር ማሳረፊያው ላይ እርጥብ የጫካ ቅጠልና ጭቃ አገኘሁ። ያን ቀን ዝናብ አልነበረም።

ቀጥታ ጋሽ ተክለጻድቅ ጋ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ፣

"መክፈቻውን መለስከው?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

"በሰማንያ ሰባት ነው፣ አሥር ዓመት ሆነው..." አሉ ለራሳቸው እንደሚቆጥሩ። "ሺሺንዳ እንኖር ነበር። ባለቤቴን አበዛሽን ምጥ ያዛት። ይዣት ወደ ቦንጋ ስመጣ ጠመዝማዛው ላይ መኪናዋ ጠፋች። ጉም ነበር። ወርጄ ፓምፑን ተጫንኩ። ከኮፈኑ ጀርባ ሆና ስታቃስት እሰማታለሁ። 'አይዞሽ' እላታለሁ። ኮፈኑን ስዘጋው..."

"ስትዘጉት?"

"በሩ ተከፍቷል። እሷ የለችም። አሥራ አምስት ቀን ጫካውን አሰስን። ነጠላዋን እንኳ አላገኘንም።"

"መክፈቻውስ ጋሼ?"

"አንዳንድ ቀን ተመልሳ ትቀመጣለች። እንደገና እንዳትወርድ ብዬ ነው የፈታሁት።"

ለዙፋን ሁሉንም ነገርኳት። መኪናዋን እንሽጣት አልኳት።

"በምን እንሄዳለን?" አለች።

በማግሥቱ ናፍጣ ሞላሁባት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ምጡ መጣ። መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ዘጋው... ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨና ጠፋ።

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት።

በሬን ልከፍት ስል ዙፋን ክንዴን ጨመደደችው።

"አትውረድ።"

"አየሩን ማስወጣት አለብኝ።"

"ማዕረግ... በእግዚአብሔር... አትውረድ።"

አልወረድኩም። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ሌላኛውም ልጄ እዚሁ ሊሞት ነው ብዬ አለቀስኩ።

ያኔ ከፊት ለፊታችን ድምፅ ሰማን።

ጭቅ... ጭቅ... ጭቅ...

የእጅ ፓምፑ ነው። ኮፈኑ ግን እንደተዘጋ ነው።

ጭቅ... ጭቅ...

ቆመ። ዙፋን ወደ ቀኝ መስኮቷ ዞረች። በእኔ በኩል የሚታየኝ ጉም ብቻ ነው።

"አስነሳ" አለችኝ በሹክሹክታ። "አስነሳ ትልሃለች።"

ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች።

ሴት ልጅ በሰላም ተወለደች።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ተክለጻድቅ ሊጠይቁን መጡ። ሕፃኗን አልታቀፉም። ከዙፋን አልጋ አጠገብ ተቀምጠው፣

"ፊቷን አየሽው ልጄ?" አሏት።

"እጇን ብቻ ነው ጋሼ። በናፍጣ ጠቁሯል።"

እንደ ልጅ ተንሰቅስቀው አለቀሱ። "ብረት ነክታ አታውቅም እኮ..." አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ አንድ ጊዜ ብቻ እዚያ ውሰደኝ።"

በማግሥቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጠመዝማዛው ላይ አቆምኩ።

"ትንሽ ራቅ በልልኝ" አሉኝ።

አርባ እርምጃ ያህል ራቅኩ። ጉሙ ከጫካው ወጥቶ መኪናዋን ሸፈናት። ቀስ ብለው ሲያወሩ ይሰማኛል። ቆይቶ ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

"ጋሼ?"

ሮጥኩ። ጋቢናው ባዶ ነው።

ፖሊስም የአገሬው ሰውም ስንት ቀን ፈለጋቸው። አልተገኙም።

እኔ ግን ሰው ሳይረግጠው በፊት ጭቃውን አይቼዋለሁ። የእሳቸው ጫማ ዱካ ከመኪናዋ ተነስቶ ወደ ጫካው ይሄዳል። ከጎኑ የሴት ባዶ እግር አለ።

በሁለቱ መካከል ደግሞ ሌላ... የአሥር ዓመት ልጅ የሚያህል ትንሽ እግር።

ሁለት እርምጃ ይረግጥና ይጠፋል። ራቅ ብሎ እንደገና ይረግጣል። ግራና ቀኝ እጁን ይዘው ከመሬት ብድግ እንደሚያደርጉት ልጅ...