የሐጂ ኑሩ ቀይ ነጥብ

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ፤ እኔ በመንፈስና በጋኔን የማምን ሰው አይደለሁም። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ፣ ቆቦ ከተማ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሽቦ ስፈታና ስቋጥር ኖሬያለሁ፣ ሰው «መኪናዬ ላይ ዓይን አርፎበታል» እያለ ይመጣል፣ እኔ ፊውዝ ቀይሬ እሸኘዋለሁ። ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ከእናንተ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

ነገሩ የመጣው በሐያት ሰርግ ነው። ሐያት የሐጂ ኑሩ ልጅ ናት፤ ሐጂ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፣ ሰማያዊት ቮልሳቸውም ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ቆማለች። ልጅቱ «በአባዬ መኪና ካልሆነ ከዚህ ቤት አልወጣም» አለች፤ ሙሽራው ደግሞ የሮቢት ሰው ነው፣ እስከ ሮቢት ያለ ዘፈን መሄድ ደግሞ ሰርግ ሳይሆን ለቅሶ ነው። ስለዚህ ቮልሷ ዘመናዊ ቴፕ እንዲገጠምላት ተባለ። እናቷ እትዬ ዘይነባ በስንት ልመና እሺ ካሉ በኋላ ጣታቸውን ቀስረው አስጠነቀቁኝ።

«የሐጂ ሬዲዮ ፊቱ ቅንጣት ከተለወጠ መኪናዋ ከዚች በር ንቅንቅ አትልም። ልጄም በባጃጅ ትዳር!»

«አብሽሩ እትዬ፣ ማንም አያውቅም።»

«ደሞ ስትፈታው ዝም ብለህ አትፍታ። ‹ሐጂ፣ አፉ በሉኝ› በልና ፍታ። የሙት ዕቃ ያለ አፉታ አይነካም።»

እሺ አልኳቸው፣ ለትልቅ ሰው እሺ እንደሚባለው።

ስለ ሐጂና ስለ ሬዲዮው ደግሞ ቆቦ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሁልጊዜ ሰባት ሰዓት ሲሆን ቮልሳቸው ውስጥ ገብተው ዜና ያዳምጡ ነበር፤ ከድምፁ ማዞሪያ ጎን፣ የሬዲዮው ፊት ላይ፣ የልጃቸውን የጥፍር ቀለም ጠብ አድርገው አንዲት ቀይ ነጥብ ሠርተዋል፣ «ከዚህ ወዲያ ጫጫታ ነው» ይሉ ነበር። ጎብዬ ድረስ የሸኙት ሰው እጁን ወደ ማዞሪያው ከሰደደ «እህም!» ብለው ይስላሉ፣ ያን ጊዜ እጅ ይሰበሰባል።

ሥራውን በጠዋት ጀመርኩ። የአሮጌውን ሬዲዮ ሆድ ዕቃ አወጣሁ፣ ፊቱን ብቻ ጠርጌ ወደ ቦታው መለስኩ፣ ማዞሪያዎቹን በማስቲሽ ለጠፍኳቸው። ይህን ያዙልኝ፤ ማዞሪያዎቹ ከምንም ጋር አልተያያዙም፣ ለመልክ ብቻ ናቸው። አዲሱን ቴፕ ተሳፋሪው ፊት ያለችው መሳቢያ ውስጥ ደበቅኩት፣ እስፒከሮቹን ከኋላ ሸሸግኩ፣ ዘፈኑ ከስልክ በብሉቱዝ ይመጣል። እመኑኝ፣ ያማረ ሥራ ነበር። አፉታውን ግን አልጠየቅኩም፤ ለቆርቆሮ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አለ እንዴ?

ሰባት ሰዓት ግድም ጨረስኩ። የቆቦን ቀትር ታውቁታላችሁ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቷል፣ የግቢው ውሻ እንኳ ቮልሷ ሥር ተዘርሯል። አንድ የሰርግ ዘፈን መርጬ እስከ ጥግ ለቀቅኩት፣ ግቢው ተናወጠ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ድምፁ ቀስ እያለ ዝቅ አለ። ስልኬን አየሁ፣ እስከ ጥግ ነው። አጥፍቼ መልሼ ከፈትኩት፣ ጮኸ፣ እንደገና ዝቅ አለ። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ፊውዝ ቀየርኩ።

ሦስተኛ ጊዜ ስለቀው «ጥክ» የሚል ድምፅ ሰማሁና ዞር አልኩ፣ የለጠፍኩት ማዞሪያ ሲዞር በዓይኔ በብረቱ አየሁት፣ ቀስ ብሎ ዞሮ ቀይ ነጥቧ ላይ ቆመ፣ ዘፈኑም አብሮት ረገበ። ማስቲሹ ደርቋል፣ በፒንሳ ብሞክረው ንቅንቅ አልል አለ። «ሙቀቱ ነው» አልኩ ለራሴ። ይኼኔ ከኋላ መቀመጫ «እህም!» የሚል ሳል መጣ።

መቀመጫው ባዶ ነበር። ውሻው ተነሣና፣ ወላሂ እንደ ትልቅ ሰው እርጋታ ባለው አካሄድ፣ ግቢውን ለቆ ወጣ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ በስመ አብ አልኩ፣ ቀጥዬም ቢስሚላህ አልኩ፣ ወሎዬ ስለሆንኩ ሁለቱም አይቀሩብኝም፤ ከዚያ ጎንበስ ብዬ ለቆርቆሮው «ሐጂ፣ አፉ በሉኝ» አልኩት።

«አሁን ነው እንዴ የምትለው?»

እትዬ ዘይነባ ውሃ ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል።

«አይ... ቅድምም ብዬ ነበር።»

«ዋሽተሃል» አሉኝና ውሃውን ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ ቴፑ እንደ ወርቅ ሠራ፣ ግን እስከ ነጥቧ ድረስ ብቻ። እትዬ ሬዲዮውን በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው አዩት፣ ፊቱ አልተለወጠም፣ «ትሂድ» አሉ፣ ሐያትም በአባቷ መኪና ወጣች። የሮቢትን መንገድ ገና ስንይዝ ሚዜው ስልኩን እስከ ጥግ ሲለቀው ድምፁ ዝቅ አለ፣ «ኧረ ይሄ ቴፕህ ወሬ ብቻ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ፣ እኔ ሾፌር ሆኜ ላብ በላብ ሆንኩ። ሐያት ግን ቀይ ነጥቧን አይታ በቬሏ ውስጥ ስቃ ሳትጨርስ አለቀሰች። «ተዉት፣ አባዬ ነው» አለች። ሚዜው ማጨብጨብ ጀመረ፣ እስከ ሮቢት በገዛ አፋችን እየዘፈንን ገባን።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እኔም እተኛ ነበር። ከሰርጉ በኋላ ቮልሷ ወደ ግቢዋ ስትመለስ ባትሪዋ ደክሞ ስለነበር ከኋላ መቀመጫው ሥር ፈትቼ ሱቄ ወስጄ ቻርጅ አደረግኩት። በአራተኛው ቀን ተሸክሜው ስመጣ፣ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር፣ ከበሩ ጀምሮ የሰው ድምፅ ተሰማኝ፣ ዝቅ ያለ የወንድ ድምፅ፣ ዜና የሚያነብ። እትዬ ዘይነባ ቮልሷ ውስጥ በተሳፋሪው ቦታ ተቀምጠዋል፣ ስልክ አልያዙም፣ የሾፌሩ ወንበር ባዶ ነው። ሲያዩኝ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ በል፣ እየሰማ ነው።»

ባትሪው እጄ ላይ ነው፤ ክብደቱ ክንዴን እየቆረጠኝ ነው። እንደ ጅል በሹክሹክታ «ልግጠመው?» አልኳቸው።

«ምን ሊያደርግለት?»

ባትሪውን ቁርቁራው ሥር አስቀምጬ ወጣሁ፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነው፣ ሊወስድ የደፈረም ሌባ የለም። የአሮጌው ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ደግሞ ሱቄ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ልጥለውም ልመልሰውም አልደፈርኩም። እስካሁን ምንም ድምፅ አላሰማም። ዘፈን ስከፍት ግን ማንም ሳይስልብኝ ራሴው ቀድሜ ዝቅ አደርገዋለሁ።