የገብስማዋ ዶሮ ጃንጥላ

ትርሲት እንቁላል ትወዳለች። ከእንቁላሉ ይልቅ ግን የእንቁላሉን ካርቶን ትወዳለች።

ካርቶኑ ላይ አንዲት ገብስማ ዶሮ ተስላለች። ላባዋ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነው፤ የቆመችውም ለምለም ሣር ላይ ነው።

«አባዬ፣ ምን ይላል?» ትላለች ትርሲት ጠዋት ጠዋት።

«ውጪ የሚውሉ ዶሮዎች እንቁላል ይላል» ይላታል አባቷ፣ እሱም ጠዋት ጠዋት።

አንድ ቅዳሜ አባቷ «በይ ተነሺ፣ ዶሮዎቹን ልናያቸው ነው» አላት። ትርሲት በደስታ የግራ ጫማዋን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አጥልቃ በር ላይ ቆመች።

አባቷ ሰማዩን ቀና ብሎ አየና ትልቁን ጥቁር ጃንጥላ ያዘ።

የዶሮ እርባታው ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ደምሰው እየሳቁ ተቀበሏቸው።

ግቢው ሰፊ ነው፤ ተጠርጎ ጥርት ብሏል። ግን አንድም ዶሮ የለበትም።

«ዶሮዎቹስ?» አለች ትርሲት።

«ቤት ውስጥ ናቸዋ። ያውልሽ፣ ትንሿ በር ክፍት ናት። ሲፈልጉ ይወጣሉ» አሉ ጋሽ ደምሰው።

ትርሲት ሄዳ አየች። በሩ ክፍት ነው፤ ዶሮ ግን የለም!

ከውስጥ «ቋቅ! ቋቅ! ቋቅ!» ይላል። ጎንበስ ብላ ብታይ፣ ዶሮዎቹ ተጨናንቀው አንዷ የሌላዋን ጅራት ትረግጣለች።

ከመሀላቸው አንዲት ገብስማ አለች። ቁርጥ የካርቶኗን ዶሮ!

«ነይ፣ ነይ፣ ነይ!» አለቻት ትርሲት። ገብስማዋ አንገቷን ብቅ አደረገች። በአንድ ዓይኗ ሽቅብ አየች። «ቋቅ!» ብላ ተመለሰች።

ትርሲት ጋሽ ደምሰው የሰጧትን ስንዴ በተነችላት። «ነይ፣ ነይ፣ ነይ!» ገብስማዋ ብቅ አለች፤ ሽቅብ አየች፤ «ቋቅ!» ብላ ተመለሰች።

በሩ ክፍት ነው፤ ዶሮ ግን የለም!

ትርሲት ሆድ ባሳት። ስቅስቅ ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

ከዚያ ግን አንድ ነገር አሰበች። መሬት ላይ በሆዷ ተኝታ፣ እንደ ዶሮዋ ሽቅብ አየች።

ኧረ ሰማዩ ሲሰፋ! ግቢው ራቁቱን ነው። ዛፍ የለ፣ ቁጥቋጦ የለ። ከላይ ደግሞ አንድ ጭልፊት ዞር፣ ዞር፣ ዞር ይላል።

እናንተስ ብትሆኑ ትወጡ ነበር?

«ጋሼ፣ ጭልፊቱ ሲመጣ የት ይደበቃሉ?» አለች ትርሲት።

ጋሽ ደምሰው ሰማዩን አዩ፤ ግቢውን አዩ፤ ራሳቸውን እከክ እከክ አደረጉ።

«ቁጥቋጦማ ነበር» አሉ። «ለፋሲካ ገበያተኛ ይመጣል ብዬ ቆርጬ ጠርጌ አሳመርኩት።»

«ለዶሮዎቹ ግን አላማረም» አለች ትርሲት።

«እኔ እኮ በሩን መክፈት ይበቃል ብዬ ነው» አሉ ጋሽ ደምሰው ቀስ ብለው።

ትርሲት የአባቷን ጃንጥላ ይዛ ሮጠች። በትንሿ በር አጠገብ ዘረጋችው፤ «ፏ!»

«ነይ፣ ነይ፣ ነይ!»

ገብስማዋ አንድ እግሯን አወጣች። ሌላውን አወጣች። ሽቅብ ብታይ፣ ጥቁር ጥላ! ቱር ብላ ጃንጥላው ሥር ገባች።

ጫር፣ ጫር፣ ጫር! መሬቱን ጫረች። አቧራው ላይ ተንከባለለች። ላባዋን ብታራግፍ፣ አቧራው ቡን!

«ወጣች! አባዬ፣ ወጣች!»

ጋሽ ደምሰው ከቤቱ ጀርባ ከምረውት የነበረውን ቅርንጫፍ እየጎተቱ መጡ። አባቷም ጎተተ፣ ትርሲትም ጎተተች።

ሌሎች ዶሮዎችም ወጥተው ከጃንጥላው ወደ ቅርንጫፉ፣ ከቅርንጫፉ ወደ ሌላው ቅርንጫፍ ቱር፣ ቱር አሉ። ጫር፣ ጫር፣ ጫር!

«ገና ያልወጡ አሉ» አለች ትርሲት ጎንበስ ብላ እያየች።

«እኔስ መቼ ጨረስኩ» አሉ ጋሽ ደምሰው፣ ሌላ ቅርንጫፍ እየጎተቱ።

ትርሲትና አባቷ ወደ ቤት ሲመለሱ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዛቸው። ጠብ፣ ጠብ፣ ዷ!

እናቷ በሩን ከፍታ አየቻቸው። ሁለቱም በስብሰዋል፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

«ጃንጥላውስ?» አለች እናቷ።

«ዶሮዋ ጋ ነው» አለች ትርሲት።

ማታ፣ ትርሲት ብርድ ልብሷ ውስጥ ገባች። ካርቶኑን ይዛ፣ ከተሳለችው ዶሮ በላይ በጥቁር ከለር ትልቅ ጃንጥላ ሳለች።

«አባዬ፣ ገብስማዋ አሁን ምን እያደረገች ነው?»

«ቤቷ ገብታ ተኝታለች። ቀበሮ እንዳይመጣባት በሯ ተዘግቷል።»

«ጠዋትስ?»

«ጠዋት ይከፈትላታል።»

«ጃንጥላውስ?»

«ውጪ ሆኖ ይጠብቃታል።»

ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች። «እንግዲያ ትወጣለች» አለችና እንቅልፍ ወሰዳት።