ከማን ኋላ ቆምሽ?

ፅናት ጌዴዎንን መጀመሪያ ያየችው በብረት ፍርግርግ ማዶ ነው። ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ ባለ ታውንሺፕ በሚሉት አንድ የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ያለው ስፓዛ የሚባል ትንሽ ሱቁ፣ እንደ ሌሎቹ የሐበሻ ሱቆች ሁሉ፣ ፊቱ በብረት የታጠረ ነበር፤ ዳቦውም ስኳሩም ሰላምታውም የሚያልፈው ክንድ በምታስገባ አንዲት ቀዳዳ ነው። በዚያች ቀዳዳ ፍቅር ያልፋል ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም፤ ፅናት ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ጠርጥራለች።

ያን ቀን የመጣችው ዳቦ ልትገዛ ሳይሆን ፖስተር ልትለጥፍ ነው። የእሷ ፓርቲ ለመጪው የማዘጋጃ ቤት ምርጫ በዋርዱ፣ በምርጫ ቀጠናው፣ ማንን እንደሚያቀርብ ገና አልወሰነም ነበር። ከሌሎች ፓርቲዎች ጋር ከመጋጠሙ በፊት አባላቱ ከሁለት ዕጩዎች አንዱን መምረጥ አለባቸው፤ ጡረታ የወጡትን አስተማሪ ማማ ኖምቩላን፣ ወይም ባለታክሲውን ባባ ሲዝዌን። ፅናት የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ከሐበሻ እናት እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ በጀፕስታውን አንድ የልብስ ጅምላ መደብር ውስጥ የምትሠራ። ለማማ ኖምቩላ ደግሞ ወገቧን ታጥቃ የተነሣች ደጋፊ ነበረች።

እንድትለጥፍ ይፈቅድላት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። ባለሱቁ ፊቷን ጥቂት አየና በአማርኛ መለሰላት።

«ለጥፊ። ግን የሲዝዌንም አምጪና ጎን ለጎን ለጥፊልኝ።»

«እኔ የሲዝዌ ሰው አይደለሁም!»

«እኔም የማንም ሰው አይደለሁም፤ ባለሱቅ ነኝ። አንዱን ብቻ ከለጠፍኩ የሌላው ደጋፊ መስታወቴን ያወርደዋል።»

«ሱቅህ መስታወት የለውም እኮ።»

«ባለፈው ዓመት ነበረው» አለ።

ፅናት ሳታስበው ሳቀች። ከዚያም ሄዳ የተቀናቃኟን ፖስተር ለምና አመጣችና ሁለቱን ጎን ለጎን በገዛ እጇ ለጠፈች። እንዲህ ያለች ደጋፊ በዚያ ሰፈር ከዚያ በፊት ታይታ አታውቅም። ጌዴዎን በፍርግርጉ ውስጥ ቆሞ የተጣመመውን ጠርዝ በጣቱ እያሳየ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ» ሲላት፣ ፖስተሩን ሳይሆን እሷን እያየ መሆኑን አውቃለች። ሰው ይህን ሳያዩትም ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስትመለስ መንገዷ ሁሉ በሱቁ በኩል ሆነ። ሰበብም አላጣችም። ሰፈሩ ሁለቱን ዕጩዎች የሚያማውም የሚያወድሰውም ዳቦ ሊገዛ በተሰለፈበት በዚያ መስኮት ፊት ነው። ደንበኞቹ «ማይ ፍሬንድ» ብለው የሚጠሩት ጌዴዎን፣ ፔፐር ከሚሏት፣ በየጊዜው ከምትታደስ አንዲት የስደተኛ ወረቀት በቀር ምንም የሌለው፣ በዚህ አገር ምርጫ ጣቱን እንኳ የማያነሣ ሰው፣ ሰፈሩ ስለማን ምን እንደሚያስብ ከሁሉም አብልጦ ያውቅ ነበር። የብስኩት ካርቶን ቀደደላትና በላዩ ላይ ሁለት ስም ጻፉ።

«ውኃ» አለች ፅናት፣ እስክሪብቶዋን ይዛ።

«ማማ ኖምቩላ። ሲዝዌ ካውንስለር፣ የሰፈሩ ተመራጭ፣ በነበረ ጊዜ ቧንቧው ሦስት ጊዜ ተመርቆ አንድ ቀን አልፈሰሰም።»

«ክሊኒክ?»

«አሁንም እሳቸው።»

«ትምህርት ቤት?»

«እሱማ ይጠየቃል እንዴ? ግማሹን ሰፈር ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው።»

«ሱቅ?»

ጌዴዎን ከረሜላ ሊገዛ ወደ መጣ ሕፃን ዞረ። ያችን መስመር ባዶዋን ተዉአት።

ማማ ኖምቩላ የሚደብቁት ነገር አልነበራቸውም። በየስብሰባው ቆመው የሚሉት አንድ ነው፤ «ሰው አይነካም። የሚነካ ካለ እኔን ቀድሞ ይምታ። ሱቆቹ ግን ለሰፈሩ ልጆች ይመለሱ።» ሲዝዌ በበኩሉ የውጭ አገር ሰዎች በሰላም ይነግዱ ይላል፤ ለምን እንደሚል ደግሞ በየወሩ እጁ ላይ የሚያኖሩለት ባለሱቆች ያውቃሉ። ያ ሌባ ሰውዬ ለጌዴዎን የሚሻለው በአንዲት መስመር ብቻ ነበር። ያቺ መስመር ግን የጌዴዎን እንጀራ ናት።

ፅናትስ ኖምቩላን እንዴት ትተዋቸው? የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ የውጭ አገር ሰዎች ቤት በተቃጠለበት ሳምንት፣ እሷንና እናቷን በቀለችን አራት ቀን መኝታ ቤታቸው ውስጥ የደበቋቸው እኚሁ ሴትዮ ናቸው። በሩ ላይ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠው፣ የመጣውን ሁሉ የተማሪዎቻቸውን ስም እንደሚጠሩ በየስሙ እየጠሩ መልሰውታል።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጌዴዎንና ፅናት ሐበሻ ወደሚበዛበት ዮቪል ወርደው አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ገቡ። በመካከላቸው ብረት ሳይኖር ሲቀመጡ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ሁለቱም እጃቸውን የት እንደሚያኖሩ ጠፋባቸው። ጌዴዎን ውኃውን ጠጣ፣ የእሷንም ጠጣ፣ ከዚያ ቀና አለ።

«ለእትዬ በቀለች ሽማግሌ ልልክ ነው» አለ። «ማንን ብልክ ይሻላል?»

ፅናት ፊቷ ጋለ። «እኔን ሳትጠይቀኝ?»

«እሱን ስንት ወር ሙሉ በዚያች ቀዳዳ ስጠይቅሽ ነው የቆየሁት።»

እጇን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። እጁን በእጇ ላይ ደረበ።

«አንድ ነገር ግን ልለምንሽ» አለ እጇን ሳይለቅ። «ቅዳሜ ምርጫችሁ ነው። በወረቀት ቢሆን አልናገርም ነበር።»

የፓርቲው የሰፈር ቅርንጫፍ ምርጫ በወረቀት አይደለም። አባላቱ በአዳራሹ ግቢ ከሚፈልጉት ዕጩ ኋላ ይሰለፋሉ፤ ቆጣሪውም ትከሻቸውን እየነካ ይቆጥራል። አገር ሁሉ ያያል።

«ከሲዝዌ ኋላ ቁሚልኝ አልልሽም» አለ ጌዴዎን። «ሌባ ነው፣ አንቺንም አይመጥንም። ቅዳሜን ብቻ ቤትሽ ዋዪ። የማገባት ልጅ ሱቄ እንዲዘጋ ተሰልፋ ቆመች ሲሉ መስማት አልችልም። አንድ ሰው ብትጎድልባቸው ምን ይሆናሉ?»

ዐይኖቹን አየች። ጌዴዎን ከማንም ምንም የማይለምን ሰው ነበር።

«እሺ» አለችው።

እዚያው «አይሆንልኝም ጌዲ» ብትለው ምን ነበረበት! ይኮራረፉ ነበር፤ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሳምንት። ይህን የማወራችሁ እኔ እስከ ዛሬ የምቆጨው በዚያች እሺ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ፅናት ተነሥታ መስኮት ዳር ተቀመጠች። እናቷ በቀለች አየቻት።

«ላትሄጂ ነው?»

«ለጌዲ ቃል ገብቻለሁ።»

«እንዳትቆሚ ገብተሽ ይሆናል። ግን ሄደሽ ፊት ለፊት ንገሪያቸው። ከደበቁሽ ሰው አትደበቂም።»

ልትነግራቸው ብቻ ሄደች። ማማ ኖምቩላ ያበጡ እግሮቻቸውን ዘርግተው በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፅናት ጎንበስ ብላ «ማማ፣ ዛሬ አልቆምልዎትም» ከማለቷ፣ ጉንጯን ዳበሷት።

«ማይ ፍሬንድ ነው አይደል? ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል እኮ ልጄ። ሂጂ። በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም አልቆምም።»

ቢቆጧት በቀለላት። እያለቀሰች በሩ ድረስ ሄደች።

በዚያ ሰዓት በድምፅ ማጉያው ተሰለፉ ተባለ። በሲዝዌ በኩል አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ጎረምሶች ከታክሲ እየወረዱ ይደረደራሉ። በማማ ኖምቩላ በኩል አሮጊቶች በምርኩዝ ተደግፈው፣ አንዷ የሌላዋን ክንድ ይዛ ይመጣሉ። በደንቡ መሠረት ዕጩዎች ወደፊት ብቻ ነው የሚያዩት፤ ማን ከኋላቸው እንደቆመ ዞረው ማየት አይፈቀድላቸውም። ማማ ኖምቩላ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ግድግዳው ያያሉ።

ብትቆምም አያዩዋትም፤ ብትሄድም አያዩዋትም። ፅናትን ከበሩ የመለሳት ይህ ነው። የምትቆመው ውለታ ልትመልስላቸው ቢሆን ኖሮ፣ እሳቸው ራሳቸው ሂጂ ብለዋታል። እሳቸው ባያዩዋትም፣ ይሻላሉ ብላ የመረጠቻቸው ሰው እኚህ ናቸው። ተመልሳ ከመጨረሻዋ አሮጊት ኋላ ቆመች። ቆጣሪው ትከሻዋን ነክቶ አለፈ።

ማማ ኖምቩላ በሠላሳ አንድ ሰው አሸነፉ። የፅናት መቆም ለውጤቱ ምንም አልጨመረም።

በጭፈራው መሐል ተከባ ቆይታ እንደ ምንም ከግቢው ወጣችና ወደ ሱቁ ሮጠች። ከእሷ አፍ መስማት አለበት። ነገር ግን ከአዳራሹ የወጡ የተጠሙ ሰዎች ቀድመዋት ሱቁ ጋ ተሰልፈዋል፤ እሷም ስድስተኛ ሆና ቆመች።

«ማይ ፍሬንድ፣ ኮልድ ድሪንክ! አሸነፍን!» አለ የፊተኛው።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ ጌዴዎን፣ ጠርሙሱን እያቀበለ።

ሰልፉ ተንፏቀቀ። ፅናት ጮክ ብላ ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ምን ብላ ትጥራው? ከፊቷ ሦስተኛ የነበረችው አሮጊት ወደ ቀዳዳዋ ተጠግታ ክንዷን አስገባችና የጌዴዎንን እጅ መታ መታ አደረገችው።

«ያቺ ያንተ ልጅ ጎበዝ ናት! አልሄደችም እኮ፤ ከእኔ ኋላ ነበር የቆመችው። አንተም አትፍራ፣ አንተን ማንም አይነካህም።»

ደስ ይለዋል ብላ ነው የነገረችው። ጌዴዎን ዳቦውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ በአሮጊቷ ትከሻ ላይ አሻግሮ ፅናትን አያት።

«አመሰግናለሁ፣ ጎጎ» አለ፣ አያቴ ሲላት፤ ዳቦውንም ሰጣት።

ሁለት ሰው አስተናገደ። ተራዋ ደረሰ።

«ምን ልስጥሽ?» አላት።

«ጌዲ… ልነግርህ እየሮጥኩ ነው የመጣሁት።»

«ቀድመውሻል።»

«እሳቸውን ትቼ ልሄድ ነበር። በሩ ጋ ደርሼ ነበር፣ እውነቴን ነው…»

«መቆምሽ አይደለም፣ ፅናት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከኋላዋ ያሉት አማርኛ አይሰሙም፤ ድሉን የምታበስረው መስሏቸው ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። «መብት ቢኖረኝ እኔም ከእሳቸው ኋላ እቆም ነበር መሰለኝ። ካርቶኑን አብረን አይደል የሞላነው? እንቢ ብትይኝ አዝን ነበር፤ አዝኜም ሽማግሌዬን እልክ ነበር።»

«እንዳላጣህ ፈርቼ ነው እሺ ያልኩህ።»

«እዚህ አገር እሺ የሚለኝ ሰው አላጣሁም። ሁሉም እሺ ይለኛል፤ እሺ፣ ነገ ና፤ እሺ፣ ማንም አይነካህም። አንቺ ብቻ ነበርሽ የምትይውን የማምንሽ።»

እጇን በቀዳዳዋ ሰደደችለት። ያዘው፤ አጥብቆ ያዘው፤ ዐይኑም እንባ ሞላ። ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ ለቀቃቸው።

«ሰው እየጠበቀ ነው» አለ።

ሽማግሌ አልተላከም። ሱቁን ማንም ሳይዘጋበት፣ ወር ሳይሞላ፣ ጌዴዎን ዕቃውን ለአገሩ ልጅ አስረክቦ ወደ ፖርት ኤልሳቤጥ ሄደ። ስትደውልለት ያነሣል። እናትሽ ደኅና ናቸው ወይ ይላል፤ ሥራ እንዴት ነው ይላል፤ ለማንም እንደሚመልሰው በትሕትና ይመልስላታል። ይህ ከስድብ ይከፋባት ነበርና መደወሉን ተወች። መውደዱን ግን አልተወችም፤ ያን መተው በእጇ አልነበረም።

ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን፣ ማስታወቂያ አንባቢው ወንድም ይገረም ወረቀት ይዞ ቆመ። በእነሱ ዘንድ የሚጋቡ ሰዎች ስም በጉባኤ ፊት ሦስት እሑድ ይነበባል፤ በቀድሞ አጥቢያቸውም ጭምር።

«ወንድማችን ጌዴዎን ሽጉጤና እኅታችን ማራናታ ማናሴ በፖርት ኤልሳቤጥ ሊጋቡ ስለሆነ፣ ተቃውሞ ያለው ሰው ለሽማግሌዎች ያሳውቅ።»

በቀለች የልጇን ጉልበት ያዘች። ፅናት ያን ሳምንት አልተኛችም። ምን ብላ ትቃወም? እወደዋለሁ ማለት ተቃውሞ ነው? በሁለተኛው እሑድ ስሙ ሲነበብ አንገቷን ደፍታ የወንበሩን እንጨት በጥፍሯ ስትፍቅ ዋለች።

በሦስተኛው እሑድ ይገረም ወረቀቱን አጠፈ። «ተቃውሞ አልቀረበም። ጉባኤው ቆሞ ይባርካቸው» አለ።

ሰው ሁሉ ተነሣ። ፅናትም ተነሣች።

«ካልሆነልሽ አሜን አትበይ፤ ማንም አያውቅብሽም» አለች በቀለች በጆሮዋ።

ጸሎቱ አለቀ፤ ጉባኤው በአንድ ድምፅ አሜን ብሎ ተቀመጠ። ፅናት አልተቀመጠችም። ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር፤ ግን ገና ከልቧ አልነበረም፤ ስለዚህ ጠበቀች። ወንበሮች ሲንኳኩ፣ ሰዎች ዞረው ሲያዩዋት፣ ይገረምም ሌላ ወረቀት ሲገልጥ፣ እሷ እንባዋ በአገጯ እየወረደ ማራናታ የምትባል፣ አይታት የማታውቃት ልጅ እሱን ደስ ስታሰኘው ለማሰብ ትታገል ነበር። በግድ አሰበችው።

ከዚያ ብቻዋን እንደቆመች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አሜን» አለች። ተቀመጠችም።