ለጉብኝት የጠሩን ሽማግሌዎች

ልጆቼ፣ አባታችሁን እንዴት እንዳገኘሁት ትጠይቁኛላችሁ። ነገሩ የጀመረው በደርግ ጊዜ፣ ወሎ ደጋን፣ አባቴ ደጅ ላይ ነው።

አሥራ ሁለተኛን ኮምቦልቻ ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ። ደሴ ካለው የመምህራን ማሠልጠኛ ልግባ ብል፣ አባቴ በሺር «ደሴ ማን አለሽና?» ብሎ ዘጋኝ። እንደ እኔ የቀሩ ብዙ ነበሩና ማሠልጠኛው ሴት አነሰው። ስለዚህ ወላጅ መጥቶ ግቢውን በዓይኑ እንዲያይ የጉብኝት ቀን አዘጋጀ። በወረቀት ቢጠሩት የሚመጣ የለም ብለው በየቤቱ ሰው ላኩ።

እኛ ቤት የመጡት ሼህ ሙሄዲንና መምህር ቀለሙ ናቸው፤ ሁለቱም ሽበታም፣ ጋቢ ለባሽ። ከኋላቸው ጀማሉዲን የሚባል ገና የገባ ጎረምሳ ሠልጣኝ አለ። በጧት ደርሰው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ደጅ ቆሙ።

በእኛ አገር ሽማግሌ በጧት መጥቶ ከቆመ ልጅ ሊጠይቅ ነው። እሺታ ካላገኘም አይቀመጥም። አባቴ አፋቸውን እስኪከፍቱ እንኳ አልጠበቀም።

«ልጄን ለባል አልሰጥም» አለ። «ገና ትማራለች።»

እኔ ከጓዳ ሆኜ ጆሮዬን አላመንኩም።

መምህር ቀለሙ ክርስቲያን ናቸው፤ «አልሐምዱሊላህ» ያሉት ግን እሳቸው ናቸው። «እኛም የመጣነው ለዚሁ ነው።»

አባቴ ነገሩ ሲገባው ፊቱ ጠቆረ። ቃሉ ግን በሽማግሌ ፊት ወጥቷል። ግቢውን ልየው፣ ካልጣመኝ ትቀራለች ብሎ ሸኛቸው።

በጉብኝቱ ቀን ደሴ ሄድን። የማሠልጠኛው የኪነት ቡድን ዘፈነ፣ መማሪያ ክፍሉን አሳዩን፤ አባቴን አንዱም ደስ አላለውም። የሴቶቹን ማደሪያ በር በደንብ ይዘጋ እንደሆን ገፋ ገፋ አድርጎ ሞከረው። የሚያስጎበኘን ጀማሉዲን ነበር። ስለ ትምህርቱ ሲያወራ ቆየና ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ፤ ወዲያው ሄዶ ማንቆርቆሪያ ውኃ ይዞ መጣ። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ደርሶ ኖሯል። ጎንበስ ብሎ ውኃውን እጁና እግሩ ላይ እያፈሰሰ አባቴን ውዱእ አስደረገው።

አባቴ ሰግዶ ሲነሳ «የማን ልጅ ነህ?» አለው።

«የጀላል፣ እዚሁ ደሴ የሆጤው።»

ከዚያ ወዲያ አባቴ ምንም አልጠየቀ። «ትግባ» ብቻ አለ።

ስንወጣ ለጀማሉዲን ቀስ ብዬ፣ «ያን ለታ ሙሽራው መስለኸኝ ነበር» አልኩት። «ከሽማግሌ ጋር አብሮ የሚመጣ ሙሽራ ስላላየሁ ድፍረትህ ገርሞኝ ነበር።»

«እኔማ ግቢ ጎብኙ ልል ነው የመጣሁ» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። ከዚያ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

ተምረን ስንመረቅ እሱን ወረኢሉ፣ እኔን ኮምቦልቻ መደቡን። በዚያ ዘመን ወደተመደቡበት መሄድ ነው። ሳንለያይ እንጋባ ብሎ ሽማግሌ ላከ፤ ሌላ ሽማግሌ ከየት ያምጣ፣ እነዚያኑ ላከ።

በጧት መጥተው ደጅ ቆሙ። አባቴ አያቸው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልታስጎበኙኝ ነው?» አለ።

«ዛሬስ ለልጁ ነው» አሉ ሼህ ሙሄዲን። «ውኃ ላስታጠበዎት።»

እኔ ጓዳ ውስጥ ግድግዳውን ይዤ ቆሜያለሁ።

«በሉ ተቀመጡ» አለ አባቴ።

ያን ጊዜ እኔም ተቀመጥኩ።