በሟች ራስ ላይ የተደፋ አክሊል

የሞርላቪያ ንግሥት ኤርመንጋርድ፣ ኢስቶሪል ባለው ቪላዋ ውስጥ፣ ባሕሩን በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ሞታ ተገኘች። ራሷ ላይ የአልማዝ አክሊል ነበር። ሞርላቪያ የምትባል አገር ከካርታ ከተፋቀች ቆይታለች፤ አክሊሉ ግን ተርፏል።

ኢንስፔክተር ቤልሚሮ ታቪራ ሲጠራ ቁርሱን እየበላ ነበር። ከየአገሩ ተባረው ወደ ፖርቱጋል የመጡትንና ይህችን የባሕር ዳር ከተማ የሞሏትን ነገሥታት አይወዳቸውም። ጸጉር ቤት ተራ አይጠብቁም፤ ካፌ ሲገቡም ሰው ወንበር እስኪስብላቸው ተገትረው ይቆማሉ። ለሚስቱ ሲያወራ «ዘውድ የጫኑ ሥራ ፈቶች» ይላቸዋል።

«ልብ ነው» አለ የቤቱ ሐኪም፣ ቦርሳውን እየዘጋ። «ዛሬ ማታ የስደተኞቹ መሳፍንት ግብዣ አለ። ትናንት አመሻሽ ላይ አክሊሏን ስትለካ ልቧ ቀጥ አለ።»

ታቪራ ጎንበስ ብሎ የሟችን ከንፈር በጣቱ ገለጥ አደረገ። ውስጡ በጥርስ ተቆርጧል። ወንበሩ ሥር የወደቀውን ሰማያዊ የሐር ትራስ አነሣ፤ መካከሉ ላይ የከንፈር ቀለም ተለጥፎበታል፤ ጠርዙ ላይም ሐሩ ተቦጭቆ ክሩ ወጥቷል።

«ልብ ትራስ አይነክስም» አለ።

ሐኪሙ ቦርሳውን መልሶ ከፈተ።

ታቪራ በመሐረብ ይዞ አክሊሉን አነሣው። እንደ ባርኔጣ ብድግ አለለት። ገልብጦ ሲያየው የብሩ ዘንግ ዙሪያውን በከፈይ ሪባን ተጠቅልሏል፤ የሪባኑም ቀለም እንደ መዳብ የቀላ ነው። የንግሥቲቱ ጠጉር ግን እንደ ጥጥ ነጭ ነበር።

አገልጋዮቹ ትናንት የዕረፍት ቀናቸው ስለነበር ቤት የዋሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። መጀመሪያ የገባው የንግሥቲቱ እልፍኝ አስከልካይ፣ ራሰ በራው ሽማግሌ ኮንት ባልድሪን ነው። ዕድሜውን ሁሉ የቤተ መንግሥቱን ጌጣጌጥ ታሪክ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ታቪራ አንድ ጥያቄ ሲጠይቀው እሱ አንድ ምዕራፍ ይመልሳል።

«ይህ አክሊል ቪየና ውስጥ ለግርማዊት አያት ሠርግ የተሠራ ነው። በአብዮቱ ጊዜ ዱቄት ውስጥ ቀብረን ነው ያወጣነው። መካከለኛው ድንጋይ…»

«ድንጋዩን ተዉትና፣ ሪባኑ ለምንድን ነው?»

«ብሩ ራስ እንዳይቧጥጥ፣ ደግሞም እንዳይታይ ነዋ። ቀለሙ ከባለቤቲቱ ጠጉር ጋር አንድ መሆን አለበት። ግርማዊት በልጅነታቸው ጠጉራቸው ጥቁር ስለነበር ሪባኑም ጥቁር ነበር። ሲሸብቱ በገዛ እጃቸው በነጭ ጠቀለሉት።»

«ራስ ላይስ በምን ይቆማል?»

«በጠጉር ማስያዣ። ሪባኑ ላይ የተሰፉ ትንንሽ የክር ማቆሚያዎች አሉ፤ በነሱ ውስጥ ማስያዣ እየገባ ከጠጉሩ ጋር ይያያዛል። ያለዚያ ቀና ሲሉ ይወድቃል።» ሽማግሌው ተነፈሰ። «የሚሰማኝ ሰው ማግኘቴ ደግ ነው። በዚህ ቤት ገና አፌን ስከፍት ያዛጋሉ።»

ቀጥላ የገባችው የንግሥቲቱ ምራት ልዕልት ሲዶኒ ናት። መዳብ የመሰለ ቀይ ጠጉሯ ትከሻዋ ላይ ተዘርግቷል።

«አክሊሉን ነክተው ያውቃሉ?» አላት ታቪራ።

«እኔ? አማቴ በሩቅ እንኳ እንዳየው አትፈልግም ነበር። የሣጥኑ ቁልፍ ካንገቷ የሚወርደው ገላዋን ስትታጠብ ብቻ ነው።»

«ትናንት አመሻሽ ላይ የት ነበሩ?»

«ክፍሌ። ራሴን አሞኝ ተኝቼ።»

ታቪራ ጠጉሯን እያየ «ይማርዎ» አላት።

በመጨረሻ የንግሥቲቱ ልጅ ልዑል ኦቶካር መጣ፤ አልተቀመጠም።

«የፖሊሱ ሰውዬ አንተ ነህ? ጫማህን ጠርገህ ነው የገባኸው?»

«ጠርጌያለሁ። አመሻሽ ላይ የት ነበሩ?»

«አትክልት ቦታው ውስጥ ስንሸራሸር። እናቴ አክሊሏን ደፍታ እንደ ንግሥት ሞተች፤ ይህን ጽፈህ ሂድ።»

«ቀለበትዎ ያምራል። ላየው?»

የልዑሉ ቀለበት ትልቅ ቀይ ዕንቊ አለበት፤ ዕንቊውን የያዙት የወርቅ ጥፍሮች በእርጅና ተንጋደዋል። ድንጋዩን ወደ መዳፉ አዙሮ እጁን ጨበጠ።

«የአያቶቼ ቀለበት ለፖሊስ መጫወቻ አይደለም።»

እኩለ ቀን ላይ ታቪራ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ሐኪሙም አለ፤ ፖሊሱ ዛካሪያስ በሩ ላይ ቆሟል። አክሊሉ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል። ከአልማዙ በቀር ሌላ ነገሩን አይተው የማያውቁ ሰዎች ጎንበስ ብለው ሆዱን አዩት።

«ንግሥቲቱ ታፍነው ነው የተገደሉት» አለ ታቪራ። «የሌባ ሥራ አይደለም፤ ሌባ አክሊል ይወስዳል እንጂ አያለብስም። ሪባኑን እዩት። ነጭ መሆን ነበረበት፤ ቀይ ነው። በዚህ ቤት ቀይ ጠጉር ያለው አንድ ሰው ነው።»

ልዕልቲቱ የተዘረጋ ጠጉሯን በእጇ ሰበሰበች። ልዑሉ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ሚስቱን አላያትም።

«ልዕልት፣ ሪባኑን ቀይረው ለራስዎ አስተካክለውታል። መቼም ቁልፉን ያመጣልዎ ሰው ይኖራል። ገዳይ ግን እርስዎ አይደሉም። እርስዎ ቢሆኑ ሪባኑን ይፈቱት ነበር፤ በሬሳ ራስ ላይ አድርገው ለፖሊስ አያሳዩም። ማቆሚያዎቹን በእጅዎ የሰፉ ስለሆኑም ማስያዣ አይረሱም። ኮንትም ቢሆኑ በማስያዣ ያሲዙታል፤ ሲተኙም የሚያልሙት ይህንኑ ነው።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፤ የተመሰገነ ሳይመስለው አልቀረም።

«አንድም ማስያዣ አልነበረም። አክሊሉ ሟች ራስ ላይ የተጣለው እንደ ባርኔጣ ነው። ይህን ያደረገው ስለ ሪባኑም ስለ ማስያዣውም የማያውቅ ሰው ነው። አክሊል ሲመኝ የኖረ፣ ግን እንዴት እንደሚደፋ አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቀ። ልዑል፣ ቀለበቱን ያውልቁ።»

«አላወልቅም።»

ዛካሪያስ እጁን ይዞ ጣቶቹን ፈለቀቃቸው። ከተንጋደዱት ጥፍሮች በአንዱ ላይ ሰማያዊ የሐር ክር ተጠምጥሟል። ታቪራ ትራሱን አጠገቡ አኖረው፤ ክሩ አንድ ነው።

ሲዶኒ ማልቀስ ጀመረች። «ለዛሬው ግብዣ አንቺ ትደፊዋለሽ፣ እናቴን አሳምናታለሁ ብሎኝ ነው። ቁልፉን እሱ ነው የሰረቀው። አማቴ ትናንት ሣጥኑን ስትከፍት ሪባኑን ሳታይ አልቀረችም፤ አክሊሌን ነክታችኋል ብላ ጮኸችበት። በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር። ነገ በሁሉም ፊት ወራሼ የወንድሜ ልጅ ነው እላለሁ አለችው። ከዚያ ዝም አለች።»

«ምን ሊወርሱ?» አለ ታቪራ። «የትኛውን መንግሥት?»

ከዚያ ወደ ሲዶኒ ዞረ።

«እና አንቺ ግድግዳው ጋ ተኝተሽ ዝም አልሽ» አላት፤ እርስዎ ማለቱን ትቶት ነበር። እሷም ዕንባዋን እየጠረገች «አክሊሉስ? አሁን የማን ነው?» አለችው። ታቪራ አክሊሉን በመሐረቡ ጠቅልሎ ወደ በሩ አመራ።

ጣቢያ ሲደርሱ ልዑሉ ወንበር እስኪሳብለት ተገትሮ ቆመ። የሳበለት አልነበረም።

«እኔን የሚጠይቅ ሕግ የለም» አለ። «እናቴ ከሞተችበት ሰዓት ጀምሮ የሞርላቪያ ንጉሥ ነኝ።»

ዛካሪያስ ብዕሩን ቀለም አስነክቶ ወደ አለቃው ቀና አለ። «ስሙን ጽፌያለሁ ጌታዬ። ሥራ የሚለው ላይ ምን ልበል?»

ታቪራ ኮቱን እየለበሰ ነበር።

«ሥራ የለውም በል።»