«እንቦሳ እሰሩ» ያለው ማነው?

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አይደለሁም፣ ሰፈሩ ይመስክርልኝ። ጎረቤቴ «ጣራዬ ላይ መንፈስ ይሮጣል» ብላ ጠበል ልትረጭ ስትነሳ፣ መሰላል አስደግፌ ወጥቼ የላላውን ቆርቆሮ በሚስማር መትቼ የወረድኩት እኔ ነኝ፣ መንፈሱም በዚያው ጸጥ አለ። ቤት የሚያከራይ ሰው ለሰይጣን የሚሆን ጊዜ የለውም፣ ቧንቧ ይፈነዳል፣ አሸንዳ ይደፈናል፣ ቁልፍ ይሰበራል፣ ሁሉም የራሱ ምክንያት አለው። ይኼን የምነግራችሁ ምክንያቱን እስከ ዛሬ ስላጣሁለት ነው፣ እናንተ ካገኛችሁለት ንገሩኝ።

ቤቴ ካዛንቺስ ነው፣ ከባምቢስ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ግቢ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ፊት ለፊት ባለው የድንጋይ ቤት ብቻዬን እኖራለሁ፣ ጓሮ ያለችውን ክፍል አከራያለሁ። ክፍሏ የድሮ የጭቃ ቤት ናት፣ በዚያ ዓመት ግን ተከራይ እንዲጎመጅባት ብዬ ግንበኛ ጠርቼ ግድግዳዋን በሲሚንቶ አስለሰንኳት። «እትዬ ሙሉ፣ ብሎኬት አይደለም የሚልዎት ሰው ካለ እኔን ይጥሩኝ» አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ ማንም አላለኝም። ቀለም ስትቀባማ ሙሽራ መሰለች። የጭቃ ቤት ያላችሁ ይቺን ስሙኝ፣ ጭቃ ይተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ሲደረብበት ግን የገባው ውሃ መውጫ ያጣና ውስጥ ውስጡን እንጨቱን ይበላዋል። ይኼን የማውቀው ዛሬ ነው፣ ያኔ የማውቀው ማማሯን ብቻ ነበር።

ሐምሌ ላይ ኤፍሬም የሚባል የታክሲ ሾፌርና ሚስቱ ሰላም ተከራዩአት፣ ገና ክርስትና ያልተነሳ ወንድ ልጅ ይዘው። እቃቸውን አስገብተው በተደላደሉ ሰሞን፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ድፎ ዳቦ ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፣ መብራትም ጠፍቷል፣ ስለዚህ ሬዲዮ ነው እንዳትሉኝ። ደጃፉ ላይ ቆሜ እንደ ወጉ «ቤት ለእንቦሳ!» አልኩ።

«እንቦሳ እሰሩ!» አለኝ የወንድ ድምፅ፣ ከውስጥ፣ ከአልጋው በኩል።

ጎርነን ያለ፣ ጉርሻ አፉ ውስጥ እንዳለ ሰው የታፈነ ድምፅ ነው። ኤፍሬም ጋደም ብሎ ይሆናል ብዬ ገባሁ፣ ብገባ ሰላም ብቻዋን ጥግ ላይ የልጅ ልብስ ታጥፋለች፣ ልጁ አልጋው ላይ ተኝቷል። አልጋው ከጓሮው ግድግዳ ጋር ልጥፍ ብሏል።

«ኤፍሬም የታል?» አልኳት።

«ሥራ ነው እትዬ፣ ዛሬ ተራው ነው።»

«ታዲያ አሁን ማን መለሰልኝ?»

ልብሱን ከእጇ ለቀቀችው። «እርስዎ አይደሉም እንዴ? ማለቴ፣ ራስዎ ብለው ራስዎ የመለሱ መስሎኝ እኮ ዝም ያልኩት።»

እመኑኝ፣ ፍርሃት አልነበረም መጀመሪያ የመጣብኝ፣ ንዴት ነው። በገዛ ቤቴ ማን ነው የሚቀልድብኝ! ከአልጋው ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ከመጋረጃው ኋላ አየሁ፣ በጓሮው በኩል ደግሞ የጎረቤት አጥር እንጂ ሰው የሚቆምበት ቦታ የለም። ስለዚህ እልህ ይዞኝ እንደገና፣ ጮክ ብዬ፣ «ቤት ለእንቦሳ!» አልኩ።

«እንቦሳ እሰሩ» አለ፣ አሁን ዝግ ብሎ፣ በሕፃኑ ራስጌ በኩል፣ ከግድግዳው ውስጥ።

ሰላም «በስመ አብ!» ብላ ዘላ ልጇን አነሳች፣ እኔ ደግሞ፣ ያው አመሌ ነው፣ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አልጋውን ሳብ አደረግኩና ግድግዳውን በጣቴ አንኳኳሁ። ደህና ግድግዳ ሲመቱት ድፍን ነው፣ ይኼኛው ግን ከበሮ ሆነብኝ። በዓይን ቢያዩት ቀለሙ እንኳ አልተነካም። እጄን ወደ ታች ባወርደው ርሷል፣ ጆሮዬን ባስጠጋ ውስጡ ሽርር ይላል፣ እህል ከተቀደደ ጆንያ ሲፈስ እንደሚሰማው። ያን ጊዜ ነው ፍርሃቱ የመጣብኝ።

«ውጪ! ልጁን ይዘሽ ውጪ!» ብዬ ገፋኋት፣ ነጠላዋን እንኳ ሳትይዝ ወጣች። እግሬ ከደጃፉ ከማለፉ ግድግዳው ሆዱን ነፋ፣ ከዚያ ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት ተላቀቀና ከነጭቃው አልጋው ላይ ተዘረገፈ። ትራሱ ያለበት ቦታ አይታይም።

ሰላም ጭቃው ላይ ተቀምጣ የልጇን እግር ትስማለች፣ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። እኔም አለቀስኩ፣ ለባሌ ያላለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ፣ ይቅር ይበለኝ። ልጁ አንድ ጊዜ አዛጋና ተመልሶ ተኛ። ኤፍሬም መጥቶ አልጋውን ሲያይ ግድግዳ ፍለጋ እጁን ዘረጋ፣ የሚደገፈው ግን አልነበረም፣ እኔን ተደገፈ። ዳቦው አቧራ ብቻ ነበር የነካው፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ቅርፊቱን እየላጠ እዚያው ግቢ ውስጥ በላው፣ እንደዚያን ቀን የጣመኝ ዳቦ የለም።

በኋላ ፍርስራሹን ስናነሳ ምክንያቱ ተገኘ፣ ማለቴ የመውደቁ ምክንያት። በአጥሩ ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ወደ ቤቱ ሲሰርግ ከርሟል፣ ሲሚንቶው ደብቆልኝ ነው እንጂ እንጨቱ በእጅ የሚፈረፈር ሆኗል። ከሰኔ በፊት መውረጃችሁን ጥረጉ፣ አልጋ ከውጭ ግድግዳ አታስጠጉ፣ አዲስ ቀለም አይታችሁም አትታለሉ፣ አንኳኩት። ድምፁን ግን ከፍርስራሹ ውስጥ አላገኘነውም። ኤፍሬም «በቃ እትዬ፣ መልአክ ነው» አለ፣ ሰላም ወሬው ሲነሳ ትወጣለች።

ሦስቱም ሳሎኔ ከርመው፣ ክፍሉን በብሎኬት አሠርቼ መስቀል ሰሞን ተመልሰው ገቡ። ሌላ ዳቦ ይዤ ሄድኩ፣ ደጃፉ ላይ ግን አፌ ተያዘ። «አይሉም እንዴ?» አለች ሰላም ልጇን ታቅፋ። እንደምንም «ቤት ለእንቦሳ» አልኩ። ባልና ሚስት እኩል «እንቦሳ እሰሩ!» አሉ፣ ግድግዳው ዝም። ጆሮዬን አቅንቼ ቆየሁ፣ አሁንም ዝም። እንዴት ያለ እፎይታ እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፣ የተሸከምኩትን ድንጋይ ያወረዱልኝ መሰለኝ።

በዚያ ደስታዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፣ በሩን ከፍቼ ለጨዋታ፣ ለራሴ፣ እየሳቅሁ «ቤት ለእንቦሳ!» አልኩ።

ከመኝታ ቤቴ መለሰልኝ።

ግንበኛ አመጣሁ፣ ሌላም አመጣሁ። አንኳኩ፣ ጣራ ወጡ፣ መሠረት ቆፈሩ፣ «ይኼ ቤት እኛን ሁሉ ይቀብራል» ብለው ስቀው ሄዱ። እኔም በየጊዜው አንኳኳለሁ፣ ድፍን ነው። ያ ሕፃን ዛሬ ተማሪ ሆኗል፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሳይበላ አይሄድም፣ እሱን ባየሁ ቁጥር ተመስገን እላለሁ። ባለፈው መኝታ ቤቴ ዘው ብሎ ገባና «እማማ ሙሉ፣ አልጋሽ ለምንድነው መሀል ቤት የቆመው?» አለኝ።

ለመጥረግ ይመቸኛል አልኩት።