ሁለተኛው ዙር

ማሽኑ እንደገና አጓራ፤ ብርቱካናማው ቱቦ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

«አልገባም!» አለ ቴክኒሻኑ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ። «መሃል ላይ የሆነ ነገር ይዞታል።»

ፎርማኑ ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረው። ሥራው ቀላል መሆን ነበረበት። ቱቦው ተቀብሯል፤ ዛሬ የቀረው ቀጭኑን የኢንተርኔት ፋይበር ገመድ በአየር ግፊት በቱቦው ውስጥ እየነፉ እስከ ታችኛው ሰፈር መጨረሻ ማድረስ ብቻ ነው። የላይኛው ሰፈር በመጀመሪያው ዙር ከገባለት ዓመት ሊሞላው ነው። የታችኛው ሰፈር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያተረፈው ስም ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ቀልድ ዘግይቶ የገባው ልጅ ካለ «ተዉት፣ ሁለተኛ ዙር ነው» ይባላል።

ቆንጥር ሥራውን ሊያይ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ ፊት ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ምላሷ ስለሚወጋ። በኢንተርኔት ለሚሰጠው የሒሳብ ትምህርት ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች ከተመረጡት ተማሪዎች አንዷ እሷ ናት። ትምህርቱ ሰኞ ይጀምራል። እስከዚያ ቤቱ መስመር ያልገባለት ተማሪ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ተጠባባቂዋ የላይኛው ሰፈር ልጅ ናት፤ በየቀኑ «እንዴት ነው፣ ቆፍረው ጨረሱላችሁ?» እያለች በአዘኔታ የምትጠይቅ። ቆንጥር ከስድቧ ይልቅ አዘኔታዋን ትጠላዋለች።

«የመፈተሻው ሽቦም ኩርባው ላይ እየያዘ የት እንደተደፈነ ማወቅ አልተቻለም» አለ ፎርማኑ። «እኔ ይሄን ሁሉ መሬት እንደገና ገልብጬ አልፈልግም። ነገ ሌላ መንደር ይጠብቀኛል። እናንተ ወደ ሦስተኛው ዙር ተዛውራችኋል፤ አለቀ!»

«ሦስተኛው ዙር መቼ ነው?» አለች ቆንጥር።

«እኔን ነው የምትጠይቂው? በጀት የሚይዙትን ጠይቂ። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት... ዕድሜ ይስጥሽ።»

ሰዉ አጉረመረመ። ከኋላ አንድ ሰው «የጨፈለቀው ይሄ ቦቴ ነው!» ሲል ሁሉም ወደ መንገዱ ዳር ዞረ። ባለቦቴው ከሌላ አገር መጥቶ ለግንባታ ቦታዎች ውሃ የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ትናንት መኪናውን በተቀበረው ቱቦ ላይ አሳልፏል።

«ብረት አንጥፈውልኝ በብረቱ ላይ ነው ያለፍኩት! ጠይቋቸው!» አለ።

ማን ሊጠይቅ። አንዱ የመኪናውን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ከተተ፤ ሌላው ኮሌታውን ጨመደደው። ብረቱን ያነጠፉት ቆፋሪዎች የጫማቸውን ጭቃ ማየት ያዙ። ፎርማኑም ሊያስጥለው አልሞከረም፤ ጥፋተኛ ከተገኘ ለእሱም ይቀለዋል። ቴክኒሻኑ ብቻ ድምጹን ዝቅ አድርጎ «አለቃ፣ የተጨፈለቀ ቱቦ ትንሽም ቢሆን አየር ያሳልፋል። ይሄ ድርቅ ያለ ነገር ነው፤ ልክ እንደ ሲሚንቶ» አለ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለው ፎርማኑ።

ሲሚንቶ የሚለውን ቃል ስትሰማ ቆንጥር ወደ ወንድሟ ሱቅ ዞረች። ወንድሟ የሱቁን ደረጃ በሲሚንቶ የጠገነው ትናንት ወዲያ ነው፤ ውሃ ያመላለሰችለት ራሷ ናት። ሲጨርስ የተረፈውን በባልዲ አንጠልጥሎ ከሱቁ ፊት ለፊት ወዳለው አጥር ጥግ ሄደ። እዚያ ጥግ ላይ ገና ያልተገናኙ ሁለት የቱቦ አፎች ከመሬት ብቅ ብለው ነበር። «የት ልትደፋው ነው?» ስትለው «ከመቼ ወዲህ ነው ለሲሚንቶ የምታስቢው?» ብሎ ሳቀባት። በማግስቱ ቆፋሪዎቹ አፎቹን አገናኝተው አፈር መለሱበት።

ከሰዉ መሃል ወጥታ መንገዱን ተሻገረች።

የወንድሟ ሱቅ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያስቆም ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው በስልክ ልባስና በቻርጀር ገመድ ተሸፍኗል፤ ጥግ ላይ ማቀዝቀዣው የሚያጓራ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። በሩ ላይ «ዘፈን፣ ፊልም፣ ድራማ እንጭናለን» ይላል። በየሳምንቱ ከተማ ወጥቶ ሃርድ ዲስኩን እየሞላ ይመለሳል፤ ኔትወርክ አልያዝ ያለው የመንደሩ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ይሰለፍ ነበር። የላይኛው ሰፈር መስመር ከገባለት በኋላ ግን ሰልፉ ሳስቷል።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ» አለችው።

ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። «እኔ ነኝ ምን?»

«ባልዲው።»

እጁ ማውሱ ላይ ቀረ። «ድምጽሽን ቀንሺ።»

«ሰውየውን ሊገድሉት ነው እኮ!»

«አይገድሉትም። ይጮሃሉ፣ ይደክማቸዋል፣ ይበተናሉ። የዚህን ሰፈር ሰው አላውቀውም እንዴ?»

«እኔስ? ሰኞ ትምህርቴ...»

«አንቺስ!» ብሎ ዞረ። «ከላይኛው ሰፈር ባለፈው ወር እዚህ በር ላይ ማን መጣ? አንድ ሰው ጥሪልኝ! ያ ገመድ እዚህ የደረሰ ቀን ይሄ ሱቅ የአቧራ መጋዘን ነው። ደብተርሽ፣ ጫማሽ፣ የእማዬ መድኃኒት ከየት የመጣ መሰለሽ? ከሒሳብ?»

እውነቱን ነው። እውነቱን በመሆኑ ደግሞ የባሰ ጠላችው።

«ቢያንስ አትነግረኝም ነበር?»

«ነግሬሽ ምን ልትሆኚ? ቆንጥር ሆነሽ ልታጥሪልኝ?» ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። «አሁን አፍሽን ያዢ። አልችልም ካልሽ ሂጂና ንገሪያቸው። እኔም እህት እንደሌለኝ እቆጥራለሁ።»

«ፈሪ ነህ» አለችው።

ከወንበሩ ተነሳ። እጁን አነሳ፤ ሊመታት መስሏት ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው እጁ ወደ በሩ እያመለከተ ነበር።

«ውጪልኝ።»

ወጣች። መንገዱን እስክትሻገር አንድ ውሸት ተሰናድቶ ምላሷ ላይ ተቀመጠ፦ ልጆች ሲጫወቱ ቱቦው ውስጥ ድንጋይ ሲከቱ አይቻለሁ። ማንንም የማይጎዳ ውሸት መሰላት። ወንድሟ ይተርፋል፣ ገመዱ ይገባል፣ ሰኞ ትማራለች። ባለቦቴውን ስታየው ግን ከንፈሩ ደምቷል፤ የሸሚዙ ቁልፎች ተበጥሰዋል። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ የማን ልጅ ጆሮው ይጎተታል? የታችኛው ሰፈር ልጆችን አንድ በአንድ አሰበቻቸው። መጀመሪያ የሚጠረጠረውን ከወዲሁ አወቀችው፤ እናቱ ቀኑን ሙሉ ሥራ የምትውለው፣ ጠበቃ የሌለው ነው።

የቆፋሪዎቹ መኪና ላይ ተደግፎ የነበረውን አካፋ አንስታ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደችና መቆፈር ጀመረች።

«አንቺ! ምን እየሠራሽ ነው?» ፎርማኑ ነው።

«የተደፈነው እዚህ ጋ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

ሰዉ ዞረ። የባለቦቴውን ኮሌታ የያዘው እጅ ላላ። ውሸቱ አሁንም ምላሷ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ቆንጥር ዋጠችው።

«ያደረገው የእኛ ቤት ሰው ነው» አለች። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ቀጠነ። «ሲሚንቶ ነው። ሰውየውን ልቀቁት።»

የሚያመሰግናት ሰው ይኖራል ብላ አልጠበቀችም፤ አልተገኘምም። አንዲት ጎረቤታቸው «ጉድ እኮ ነው! እንግዳውን ስናንቅ ጠላታችን ከጉያችን!» ብላ እጇን አጨበጨበች። «ባለሱቁ ነው፣ እሱ ነው!» አለ ሌላው። ከኋላ የተወረወረ ጓል የሱቁ ማስታወቂያ ላይ አርፎ ተፈረከሰ። የክፍሏ ልጆች ጥግ ላይ ሆነው ይንሾካሾካሉ፤ ነገ ትምህርት ቤት ምን ስም እንደሚጠብቃት መገመት አላቃታትም።

ባለቦቴው ቁልፉን ከነጠቀው ሰው ኪስ መንጭቆ አወጣና ወደ እሷ መጣ። አጠገቧ ደም የቀላቀለ ምራቅ ተፋ።

«ቀደም ብለሽ ብትናገሪ ጥርሴ ይነቃነቅ ነበር?» አላት። ከዚያ አካፋውን ከእጇ ነጠቀ። «ዞር በይ! እንዲህ ተቆፍሮ እስከ ዓመትም አያልቅም።»

የቆፈረው በንዴት ስለነበር ብዙም አልቆየም፤ አካፋው ደረቅ ነገር መታ። ቴክኒሻኑ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ቱቦውን በእጁ ዳበሰ።

«ይኸው! ከክንድ አይበልጥም። ይሄን ቆርጠን አውጥተን በአዲስ እንቀጥለዋለን። እስከ ማታ ይደርሳል» አለ።

ፎርማኑ ኮፍያውን ከመሬት አንስቶ አራገፈ። ሰዉ በደስታ ጮኸ፤ አንዱ አንዱን አቀፈ፤ የሰኞው ትምህርትም ተረፈ። ቆንጥር ግን ደስታው የሌላ ሰው ድግስ ሆነባት።

ከመንገዱ ማዶ የብረት መንጓጓት ተሰማ። ወንድሟ በጠራራ ፀሐይ የሱቁን መዝጊያ ወደ ታች እየሳበ ነው። መዝጊያው ግማሽ ላይ ተቀረቀረ። የግራው ሐዲድ ስለተጣመመ አንድ ሰው በትከሻው ደግፎ ካልገፋው አይወርድም፤ ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ ሁልጊዜ የምትገፋው እሷ ነበረች። ወንድሟ ጎተተ፤ መዝጊያው ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ጎተተ።

«አውርደው! ደግመህም እንዳትከፍተው!» ብሎ አንዱ ሲጮህ ሰዉ ሳቀ።

ወንድሟ አንገቱን አቀርቅሮ መጎተቱን ቀጠለ። ጆሮው ቀልቷል።

ቆንጥር የእጇን አፈር በቀሚሷ ጠረገች። ሰዉ መንገድ አልለቀቀላትም፤ በትከሻዋ እየገፋች አለፈች። አንዱ «ወዴት ነው?» አላት፤ ሌላው ከኋላ የሆነ ነገር አለ፤ አልሰማችውም። ሱቁ በር ላይ ስትደርስ በግራ በኩል ቆማ የመዝጊያውን ጫፍ ያዘች።

ወንድሟ አላያትም።

«ልቀቂ» አለ።

ትከሻዋን ሐዲዱ ላይ ደግፋ ገፋችው። መዝጊያው ጥቂት ወረደ።

«ልቀቂ አልኩሽ እኮ።»

አልለቀቀችም።